በእርሳስ የተጻፈው ዓመት

ደብዳቤው ሲከፈት በክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ሽማግሌው መስኮቱ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ተደግፈው የሚራመዱበት ዎከር ከፊታቸው ቆሟል። ልጃቸው ከጠረጴዛው ራስ ቆማ ፖስታውን በወጥ ቤት ቢላ ትከፍታለች። ከሲንሲናቲ የመጣው የድሮ ወረቀት አዋቂ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ፣ ከብረት ቁምሳጥኑ ጎን፣ አንዱን መሳቢያ እንደሳበ ቆሟል። እኔ የኩሽናው በር ላይ ነበርኩ። በእጄ የሳቸውን የሻይ ብርጭቆ ይዤ ነበር። ከአራታችን ደብዳቤው ምን እንደሚል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ካወቅሁ አሥር ወር አልፎኝ ነበር።

ቤቱ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ውስጥ፣ ፎረስት ፓርክ የሚባል ሰፈር ነው። እኔ ከታላቅ እህቴ ጋር ሊንደን ስለምኖር በአውቶቡስ እመላለስ ነበር። በአገሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። እዚህ ግሮቭፖርት መጋዘን ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቼ ጉልበቴ ሲደክም የሆም ኬር ሥራ ያዝኩ። ሽማግሌ የምትንከባከብ ሽማግሌ ይለኝ ነበር አንድ የሰፈራችን ሰው። እኔ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እሳቸው ሰማንያ ስድስት።

ሰውየው በወጣትነታቸው አውስትራሊያ ሄደው ሲድኒ ውስጥ ሰባት ዓመት ኖረዋል። የሚሠሩት ለሲኒማ ቤቶች ፖስተር በሚያትም ማተሚያ ቤት ነበር። ወደ ኮሎምበስ ሲመለሱ አንድ ሳጥን ሙሉ ፖስተር ይዘው መጡ፤ ከዚያም ዕድሜ ልካቸውን እየገዙና እየተለዋወጡ ጨመሩበት። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ሳሎኑን ለፖስተሮቹ ሰጡት። ሰፋፊ መሳቢያዎች ያሉት የብረት ቁምሳጥን ግድግዳውን ይዞ ቆሟል። በመሳቢያዎቹ ውስጥ ፖስተሮቹ እያንዳንዳቸው በላስቲክ ተሸፍነው ተኝተዋል።

የአውስትራሊያዎቹ እንደ ሌላው አገር ፖስተር ሰፊ አይደሉም። ጠባብና ረጅም ናቸው፤ በር ላይ ቢሰቀሉ የበሩን ግማሽ እንኳ አይሞሉም። ብዙዎቹ ላይ ዓመት አልተጻፈም። የሳቸው ሥራ ያንን ዓመት ማግኘት ነበር። ለሁለት ዓመት ያህል የኔም ሥራ ሆነ፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ማስመሪያውንና አጉሊ መነጽሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ።

«ስፋቱን ለኪ» ይሉኛል። ጦርነቱ ሳይጀመር በፊት ፖስተሩ ሰፊ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወረቀት ሲጠፋ ወደ አሥር ኢንች ጠበበ፤ በኋላ እንደገና ትንሽ ሰፋ። «ቀለሙን እዪ» ይሉኛል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ቀለሙ እንደ ጠመኔ ከሆነ ሠዓሊ በእጁ በድንጋይ ላይ የሣለው ነው፤ ጥቃቅን ነጠብጣብ ከሆነ ደግሞ በኋላ በፎቶግራፍ የታተመ ነው። ከታች ጥግ ላይ የማተሚያ ቤቱ ስም በደቃቅ ፊደል አለ፤ የፊደሉ ዓይነት ራሱ በየዘመኑ ይለያያል። ፊልሙ ለልጆች ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለው ቃልም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ፖስተሩን በደረቱ እናስተኛውና ከጀርባው፣ ከታች በስተቀኝ፣ ዓመቱን ለስላሳ በሆነ እርሳስ እሳቸው ይጽፉታል። በቀለም መጻፍ ነውር ነው ይሉ ነበር። ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ ወረቀቱ ግን መጎዳት የለበትም።

ሥራውን ወደድኩት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

እኔ «ጋሼ» እላቸው ነበር። ትርጉሙን ጠይቀው ከነገርኳቸው በኋላ ወደዱት። እህቴ ስትደውልልኝ «እትዬ» ስላት ሰምተው እሳቸው ደግሞ እኔን «እትዬ» ማለት ጀመሩ። ላርማቸው አስቤ ተውኩት።

ሲድኒ አንድ ወዳጅ ነበራቸው። ያኔ በማተሚያ ቤቱ አብረው ይሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ፖስተር ይሰበስባሉ። በየሳምንቱ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ይደውላሉ፤ እዚያ እሑድ ጠዋት ነው። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና ሁለቱ ሰዎች ለአንድ ሰዓት ያህል ይሰዳደባሉ።

«አንተ እኮ ያኔም ድንጋይ አጣቢ ነበርክ» ይላሉ ወዳጃቸው። «ማተም የኔ ሥራ ነው።»

«የታጠበ ድንጋይ ባይኖር በምን ታትም ነበር? በምላስህ?»

«ሴትዮዋ አለች? እንደምን ሰነበትሽ? ይህን ሰውዬ ምሳ ከልክይልኝ።»

የመጨረሻው ጥሪ እ.ኤ.አ. በ2020 መኸር ላይ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የነበረችው አንዲት ሴት በፈረስ ወንዝ ስትሻገር የምታሳይ ፖስተር ናት። ሰማዩ ብርቱካናማ ነው። ጋሼ የጦርነቱ ጊዜ ናት ብለው ከጀርባዋ ዓመቱን ጽፈዋል። ወዳጃቸው ደግሞ አይደለችም አሉ።

«ይህችን በገዛ እጄ ነው ያተምኳት» አሉ። «ፊልሙ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ሲታይ። የአሥራ አምስት ዓመት ለማጅ ነበርኩ። የመጀመሪያ ሥራዬ ናት።»

«ወረቀቱ አሥር ኢንች ነው። እትዬ፣ ለኪና ንገሪው።»

ለካሁ። «አሥር ከሩብ» አልኩ።

«ተቆርጦ ነዋ። አንዱ ባለ ሲኒማ ቤት ክፈፉ ውስጥ አልገባ ብሎት ቆርጦታል።»

«የት አለ የተቆረጠበት? ሁለቱም ጠርዝ እኩል ነው።»

«አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ነው የምትለካው።»

«እንግዲያው ማስረጃ እስክታገኝ እንዳትደውል።»

«አልደውልም» አሉና ዘጉት። እንዲህ ተባብለው በሳምንቱ ሲሳሳቁ ብዙ ጊዜ ስለሰማሁ ልብ አላልኩትም።

በዚያው ሳምንት ጋሼ ታመሙ። አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኙ፤ በኮሮናው ምክንያት ጠያቂ አይገባም ነበር። ልጃቸው በሌላ ስቴት ነርስ ናት፤ የምትሠራበት ሆስፒታል ፈቃድ አልሰጣትም። ሲመለሱ ሸሚዛቸው ሰፍቷቸው፣ ከኦክስጅን ማሽን ጋር ነበር። ከሆስፒታሉ ያመጣቸው ባለሙያ ሰላም ያስፈልጋቸዋል፣ የሚያስጨንቅ ነገር እንዳይሰሙ አለኝ።

በመጡ በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። እሳቸው መኝታ ቤት ነበሩ። የወዳጃቸው ሚስት ናቸው።

«ባለቤቴ ባለፈው ማክሰኞ አረፈ» አሉኝ። በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ስለጠፋኝ በአማርኛ «ነፍስ ይማር» አልኩ። ምን እንዳልኩ አልጠየቁኝም።

«በቻለ ጊዜ ንገሪልኝ» አሉ። «አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሳይደክም በፊት ጓዳ ገብቶ ልጅ ሆኖ ያተማትን ፖስተር አግኝቷታል። ሌላ ናት፤ ከታች ያለው ፊደል ይለያል። የወዳጄ ፖስተር የጦርነቱ ጊዜ ናት፣ አሸንፎኛል በይው ብሎኛል። አደራ።»

ይህን ከፋርማሲ በመጣ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍኩት።

«ማነው?» አሉ ጋሼ ከመኝታ ቤት።

«የተሳሳተ ቁጥር ነው» አልኩ።

ወደ ቤት ስመለስ ለእህቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

«ነገርሻቸው?»

«አልነገርኩም።»

«ደግ አደረግሽ። ገና ከሆስፒታል ለወጣ ሰው መርዶ? ያውም አንድ ሰው በሌለበት ባዶ ቤት? ልጃቸው ትምጣና፣ ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ፣ ማለዳ ይነገራቸው።»

«ልጃቸው መቼ እንደምትመጣ አይታወቅም።»

«ኮል አድርጊያትና እሷ ትወቀው።»

«በስልክ?»

እህቴ ቢላውን አቆመች። «በስልክማ አይሆንም» አለች።

እኛ ያደግነው እንዲህ ነው። መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ በቅርብ ተዘጋጅቶ፣ በማለዳ የሚነገር ነገር ነው። ለታመመ አይነገርም፤ ለብቻው ላለም አይነገርም። እኔና እህቴ ካርቱም በነበርንበት ጊዜ የእናታችን ሞት የተነገረን ከስምንት ወር በኋላ ነው። የሚያውቁት ሰዎች በየቀኑ ያገኙን ነበር። በዚያ ስምንት ወር ውስጥ ለእናቴ ሁለት ደብዳቤ ጽፌላታለሁ። ያን ጊዜ ማንንም አልወቀስኩም።

ክረምቱ ገባ። ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ የተተኮሰ ሸሚዝ ልበስ እያሉ ራሳቸውን ያዝዙ ነበር። ስልኩን ወደ ወንበራቸው አስጠግተው ይቀመጣሉ።

«ማስረጃ እየፈለገ ነው» አሉ በመጀመሪያው ቅዳሜ። «አያገኝም።»

በሌላው ቅዳሜ «ኩሩ ነው፤ ሁልጊዜም ኩሩ ነው» አሉ።

ገና ካለፈ በኋላ ምንም ማለት ተዉ። ስልኩን ብቻ ያዩታል። የኦክስጅን ማሽኑ ተመልሶ ተወስዶ ነበር። ያለ ሰው ድጋፍ እስከ መስኮቱ ይራመዳሉ። እንግዲህ ታመዋል የሚለው ምክንያቴ ከማሽኑ ጋር ሄዷል። ልጃቸው በየሳምንቱ ትደውላለች፤ «አባዬ እንዴት ነው?» ትለኛለች፤ «ደህና ናቸው» እላታለሁ። መርዶው ቢጻፍ ሦስት ቃል የማይሞላ ነገር ነው። መርዶውን መናገር አይደለም ያስፈራኝ። እስከዛሬ ለምን ዝም አልሽ የሚለው ነው።

በየካቲት አንድ ቀን ጋሼ የስልክ ደብተራቸውን ሰጡኝ። «እኔ ልደውልለት» አሉ። «ዐይኔ ቁጥሩን አያይልኝም። አንቺ ምቺው።»

ቁጥሩን መታሁ። መጨረሻው ሰባት ነበር፤ አራት አደረግሁት። የተቀዳ ድምፅ ይህ ቁጥር አይሠራም አለኝ። ስልኩን ከጆሮዬ አላነሳሁም።

«አይነሳም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስሜን አይቶ ነው» አሉ።

ይህን ለእህቴም አልነገርኳትም። ከዚያ በፊት ያደረግሁትን ሁሉ የአገሬ ልማድ ነው ልል እችላለሁ። አራት ቁጥርን ግን ልማድ አላዘዘኝም።

በጸደይ አንድ ጠዋት፣ ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ፣ «ነገሩ ገብቶኛል» አሉኝ። «ለአንድ ሰው፣ ልጅ ሳለህ በእጅህ የሠራኸውን የመጀመሪያ ሥራ አልሠራህም ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ማስመሪያ ይዤ ያንን ቀማሁት። ሁለተኛውን መሳቢያ ክፈቺ።»

ፈረሰኛዋን አውጥቼ በደረቷ አስተኛኋት።

«አጥፊው» አሉ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ እኮ አሥር ኢንች ነው።»

«አንቺም ለክተሻል፣ እኔም ለክቻለሁ። ማስመሪያ ግን ቅዳሜ አይደውልም። አጥፊው፤ የኔ እጅ ይቀድደዋል።»

የፋርማሲው ወረቀት በቦርሳዬ የውስጥ ኪስ ነበር። ቦርሳው ከጀርባዬ ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል። ላጲሱን አነሳሁ። እሳቸው እንዳስተማሩኝ ወረቀቱን በሁለት ጣቴ ወጥሬ፣ ከመሐል ወደ ውጭ፣ ሳልጫን አጠፋሁት። የላጲሱን ብናኝ በለስላሳው ብሩሽ ጠረግሁ። ከዚያ እሳቸው የነገሩኝን ዓመት፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ወደዚህ የቀረበውን፣ በእርሳስ ጻፍኩ። ተማሪ ሳለሁ የእጅ ጽሑፌ ይመሰገን ነበር። አሁንም ያምራል።

«ወረቀት አምጪ» አሉ። እየነገሩኝ ጻፍኩ። «አንተ ልክ ነበርክ። ያተምካት አንተ ነህ። ዓመቱን አስተካክለነዋል። ቅዳሜ እጠብቅሃለሁ።» ፊርማቸውን ራሳቸው አኖሩ፤ ፊርማው ወረቀቱን ከዳር እዳር ሞላው።

ወደ ቤት ስሄድ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ካለው የፖስታ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ደብዳቤው ማን እጅ እንደሚገባ አውቅ ነበር። ላስቀረው እችል ነበር፤ አላስቀረሁም። አፌ እምቢ ያለውን ሌላ ሰው እንዲናገርልኝ ፈልጌ ይመስለኛል። አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ለሟች የተጻፈ ደብዳቤ ስትከፍት ምን እንደሚሰማት ያሰብኩት አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። እኔ ለእናቴ የጻፍኳቸውን ደብዳቤዎች ማን እንደከፈታቸው እስከዛሬ አላውቅም።

ያን ዓመት ፖስታ ቀርፋፋ ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ልጃቸው በመጨረሻ መጣች። አባቷን ወደ ራሷ ከተማ ልትወስድ ወስናለች። ፖስተሮቹ ለአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሊሰጡ ስለሆነ ዝርዝራቸውን የሚያረጋግጥ አዋቂ ከሲንሲናቲ ተጠራ። ከጠዋት ጀምሮ ከታችኛው መሳቢያ ተነስቶ እያንዳንዱን እያወጣ፣ ከጀርባ የተጻፈውን ዓመት እያየ፣ ራሱን በአድናቆት ይነቀንቅ ነበር።

«አንድም ስህተት አላገኘሁም» አለ። «ማነው የሚለካልዎት?»

«እትዬ ናት» አሉ ጋሼ ወደ እኔ እያዩ። «ከኔ ትበልጣለች። ብቻ አትናገርም።»

ሁለተኛው መሳቢያ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፈረሰኛዋን ገልብጦ አያት፣ አጉሊ መነጽሩን አወጣ፣ መልሶ አያት።

«ይህች ግን» አለ፣ «የጦርነቱ ጊዜ ናት። እዚህ ሌላ ዓመት ተጽፎ ጠፍቷል። የእጅ ጽሑፉም የርስዎ አይደለም።»

«ተዋት» አሉ ጋሼ። «ወዳጄ ነው ያተማት። ዝርዝርህ ላይ እንደተጻፈችው ትሁን።»

«ወረቀቱ እኮ...»

«ወረቀቱን አውቀዋለሁ።»

ልጃቸው በዚያው ቅጽበት ከፖስታ ሳጥኑ ተመለሰች። ከማስታወቂያ ወረቀቶች መሐል አንድ ሰማያዊ ፖስታ ይዛለች። ጋሼ ቴምብሩን ከሩቅ አወቁት። እንዲያ ሲሥቁ ከሆስፒታል ከተመለሱ ወዲህ አይቼ አላውቅም።

«አላልኩሽም?» አሉኝ። «መልስ ሰጠ።»

«ልስጥህ ወይስ ላንብብልህ፣ አባዬ?»

«ጮክ ብለሽ አንብቢው። ይህ ሰውም ይስማ፤ ነገሩ የዓመቱ ጉዳይ ነው።»

ቢላውን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ሁለት ሦስት ሰው ተሰብስቧል፤ ልጃቸው መጥታለች፤ እህቴ ያለችው ሁሉ ተሟልቷል። ሻይ ላምጣ ብዬ ወደ ኩሽና ገባሁ፤ ስመለስ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ውድ ወዳጃችን» ብላ ጀመረች። «ደብዳቤህ ደረሰኝ። ለመመለስ ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ፤ ምን ብዬ እንደምጽፍ ቸግሮኝ ነበር። ከጻፍከው እንደተረዳሁት ባለቤቴ...» አቆመች። ቀጥሎ ያለውን በዐይኗ አነበበችው።

«ቀጥይ» አሉ ጋሼ።

«አባዬ።»

«ቀጥይ አልኩሽ።»

ቀጠለች፤ ድምጿ ዝቅ አለ። ሰውየው ያለፈው መኸር ላይ ማረፋቸውን፣ ጓዳ ገብተው የራሳቸውን ፖስተር ማግኘታቸውን፣ አሸንፎኛል በይው ማለታቸውን አነበበች። «ስለዚህ ያጠፋኸውን ዓመት መልሰህ ጻፈው» ይላል ደብዳቤው። «ያን ጊዜ ስልክ ላነሳችልኝ ሴት ሁሉንም ነግሬያት ነበር። መስመሩ ጥሩ አልነበረም፤ ምናልባት ሳትሰማኝ ቀርታ ይሆናል።»

የሲንሲናቲው ሰው ማስኩን ወደ አፍንጫው መለሰ። ጋሼ ወደ ስልኩ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እትዬ» አሉ። «ሳትሰሚ ቀርተሽ ነው?»

ሴትዮዋ ከዚያ ሁሉ ርቀት መውጫ በር ከፍተውልኝ ነበር።

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ቦርሳዬን ከፍቼ የፋርማሲውን ወረቀት አወጣሁና ከጎኑ ዘረጋሁት። ልጃቸው አነበበችው። እሳቸው አላዩትም።

«ስታጠፊውስ?»

«አውቅ ነበር።»

«ስትደውይለትስ?»

«ቁጥሩን ለውጬው ነበር።»

እጃቸውን ዎከሩ ላይ አኖሩ። ልጃቸው ልትናገር ከንፈሯን ስታላቅቅ ቀና ሳይሉ በጣታቸው ዝም አሰኟት።

«ላጲሱን አምጪ» አሉኝ።

ላጲሱን፣ ለስላሳውን ብሩሽና እርሳሱን አምጥቼ በተለመደው ቅደም ተከተል ደረደርኩ። ፈረሰኛዋን በደረቷ አስተኛኋትና እንደ ወትሮው ወረቀቱን ልወጥር ጣቶቼን ዘረጋሁ። ጋሼ ጠበቁ። ጣቶቼን እስካነሳ ድረስ ነው የጠበቁት። ከዚያ ላጲሱን በራሳቸው እጅ ያዙ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ወረቀቱ ተንሸራተተ። ልጃቸው ደብዳቤውን ትታ በሁለት እጇ ጠርዙን ያዘችላቸው።

ኩሽና ገብቼ ብርጭቆውን አጠብኩ። የቤቱን ቁልፍ ከቁልፎቼ መሐል አውጥቼ የምድጃው ጎን አስቀመጥኩ፤ መድኃኒታቸውን በየሰዓቱ የሚያሳየውን ወረቀት ከላዩ አኖርኩ። ቦርሳዬን ይዤ በጓሮው በር ወጣሁና ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄድኩ።